ደም ያልነካው ጥጥ

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ፤ አንተም የወንድምህ ሚስትም ተደጋግፋችሁ ሐዘኑን ቻሉት» አሉ ሽማግሌው።

ዱጋሳ አንገቱን ደፋ። የወንድሙ የኢዶሳ ሣልስት ነበር፤ የካ ሚካኤል አጠገብ የተተከለው ድንኳን በለቀስተኛ ሞልቷል።

«መድኃኒትማ በዝቶበት ነው የሞተው» አሉ የወንድማማቾቹ አክስት እትዬ አስካለች፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስለው ሁሉም እንዲሰማ። «በፈረንጅ እሳት አስለብልባ ገደለችው። ልጄ በእግሩ ሄዶ አይደለም ወይ ሆስፒታል የገባው?»

«ኧረ እትዬ፣ ትሰማለች» አለቻቸው አንዲት ጎረቤት።

«ትስማ! የእሷ ጆሮ እንደሆነ አልተቃጠለ።»

የሟች ሚስት ሙሉነሽ ጸጉሯን ተላጭታ ከማዶ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ከዚህ ስም የሚያወጣት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ያለው ዱጋሳ ዘንድ ነው።

ኢዶሳ የእንጦጦ ደን ጠባቂ ነበር። እንጨት ለቃሚ ሴቶችን ሲይዝ ተራራው እስኪያስተጋባ ይቆጣና፣ ሸክሙ ሲከብዳቸው ራሱ አንሥቶ ያሸክማቸዋል። በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ክረምት ከጆሮው ሥር አንዲት ቀላ ያለች እብጠት ወጣችበት። ስለማታመው «ቡግንጅ ናት» ብሎ ሳቀባት። በኅዳር እንቁላል አከለች። ሆስፒታል ካልሄድክ ብላ የወተወተችው ሙሉነሽ ናት።

«የቆዳ ነቀርሳ ነው» አለ የውጭ አገሩ ሐኪም፣ ነርሷ እያስተረጎመችለት። «በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለውን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ጨረሩ እብጠቱን ያጠፋል፤ ወደ ሰውነት ሾልኮ የሄደውን ግን አያገኘውም። መርፌው እሱን ይከታተላል፤ ጨረሩንም ያግዘዋል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይሰጡ። ይድናል ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

ነርሷ ከራሷ ጨመረችበት፦ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው ነው።»

ጨረሩ በየቀኑ፣ መርፌው ማክሰኞ ማክሰኞ ከሌላ ክሊኒክ ሆነ። ሙሉነሽ አራስ ስለነበረች በሽተኛውን የሚያመላልሰው ዱጋሳ ነበር። በሦስተኛው ማክሰኞ ኢዶሳ የቀበናን ድልድይ ተደግፎ አስመለሰው። የረገፈ ጸጉሩ ኮሌታው ላይ ተበትኗል።

«ጋሼ፣ ጨረሩን እችለዋለሁ። መርፌውን ግን… ዛሬን ብቻ ማረኝ።»

ዱጋሳ በልጅነቱ አዝሎ ያሳደገውን ወንድሙን ማረው። ለሙሉነሽ የተወጋ እንዲመስላት ከሱቅ ጥጥ ገዝቶ ክንዱ ላይ በፕላስተር ለጠፈለት። ዛሬን ብቻ የተባለው እስከ አራት ማክሰኞ ዘለቀ። ሐኪሙ በጠየቀው ጊዜም «ተወግቷል» አለ። እብጠቱ በጨረሩ ከሰመ፤ እትዬ አስካለች እልል አሉ። ከሁለት ወር በኋላ በብብቱ በኩል ወጣ፤ ከዚያም ማንም አልያዘውም።

አሁን ድንኳኑ ውስጥ ሙሉነሽ ከፍራሿ ተነሥታ መጣችና ዱጋሳ ፊት ተንበረከከች። ለቀስተኛው የምትጽናና መስሎት ዞር አለ።

«ጋሼ ዱጋሳ፣ ጥጡን ከክንዱ የማነሣለት እኔ ነበርኩ» አለች በሹክሹክታ። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ አራት ቁራጭ ጥጥ በቀኝ መዳፉ ላይ አኖረች። «የፊተኞቹ ሁለቱ ደም ነበረባቸው። እነዚህ የላቸውም።»

ዱጋሳ ጣቶቹን አጠፈ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«በዚያ ሳምንት እንጀራ በላ። ልጁን ታቅፎ ሳቀ። የእኔን ድርሻ ለፈጣሪ እናገራለሁ። እኔ ለነዚህ ሰዎች ብናገር የሚያምነኝ የለም። የእርስዎን ድርሻ እርስዎ ይንገሯቸው።»

ዱጋሳ ተነሥቶ ቆመ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ምን ሆንክ ልጄ?» አሉ እትዬ አስካለች።

አፉን ከፈተ፤ የሙሉነሽን ራቁት ራስ አየ፤ የአክስቱንም ዓይን አየ።

«ምንም… ሙቀቱ ነው» አለና ተቀመጠ።

የዕድሩ ሰዎች ንፍሮ ይዘው መጡ። ለቀስተኛው በየተራ መዳፉን ዘረጋ። ከዱጋሳ ዘንድ ሲደርሱ ቀኝ እጁን እንደጨበጠ ግራውን ዘረጋላቸው።

«አንተ! በግራ እጅ ነው የሙት ንፍሮ የሚቀበሉት?» አሉ እትዬ አስካለች።

ዱጋሳ ቀኝ እጁን አልከፈተም።

በአርባው ዕለት ሙሉነሽ አልነበረችም። ልጇን አዝላ፣ እንጦጦን ተሻግራ፣ ሱሉልታ አባቷ ቤት ገብታለች።