ጉም ውስጥ ያለው አውቶቡስ

ጸደንያ ጉሙን የሠራችው ሰው ለማሰልቸት ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ከባልደረባዋ ከበእውቀቱ ጋር የስልክ ጌም ትሠራለች። «ዳገት» ያሉት ጌማቸው አንድ አሮጌ አውቶቡስ ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ደሴ እስኪገባ የሚያስነዳ ነው። መንገዱን ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ አባቷ ጋሽ ቢተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመላለሱበት የኖሩት ነው። ውጭ አገር ያለ አንድ ትልቅ የጌም ኩባንያ ሥራቸውን አይቶ ወደደው። የራሱን ጌሞች ወደዚህ ማምጣት ግን ይፈራል። እናንተ ጋ ያለው ስልክ ለሁሉም ክፍት ነው፣ አንዱ የገዛውን አገሩ ሁሉ ይገለብጠዋል፣ ታዲያ ምን ልንሠራ እንመጣለን አሏቸው የኩባንያው ሰዎች። መገልበጥን የሚከለክል የሚያስተማምን ቁልፍ ካሳያችሁን ግን ትልልቆቹን ጌሞች በእናንተ በኩል እናስገባለን አሉ።

ጸደንያ ብዙ አሰበችበት። ሰው የተቆለፈ በር ካየ መስበሩ አይቀርም። ስለዚህ የማይታይ ቁልፍ ሠራች። ተገልብጦ የመጣ «ዳገት» እንደተገዛው ሁሉ ይከፈታል፤ ተሳፋሪው ይሞላል፣ አውቶቡሱ ይነሣል። ከደሴ በፊት ያለው ደጋ፣ ጉጉፍቱ፣ ሲደርስ ግን ጉም ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ጉሙ አይገለጥም፣ መንገዱ አያልቅም፣ ደሴም አይመጣም። ተጫዋቹ ወይ ተሰላችቶ ይተወዋል፣ ወይ ጠይቆ ነገሩ ሲገባው ይገዛል።

አዲስ አበባ ላይ እንዳሰበችው ሆነ። የተሰላቹት ጠየቁ፣ ከጠየቁትም ብዙዎቹ ገዙ። የኩባንያው ወኪል በስክሪን ብቻ የሚያውቋት ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ደስ አላት፤ ከመፈራረማችን በፊት ግን ከዋና ከተማው ራቅ ብሎ ነገሩ እንዴት እንደሆነ እዩልኝ አለች። ወሩ ነሐሴ ነበር። ጸደንያ በዚያው አባቴን እጠይቃለሁ ብላ ወደ አገሯ ተነሣች።

መካነ ሰላም ስትገባ መጀመሪያ የሄደችው አብራት ወደተማረችው ወደ ኡምኩልሱም ሱቅ ነው። ኡምኩልሱም ስልክ ትሸጣለች፣ ትጠግናለች፣ በሚሞሪ ዘፈንና መንዙማ፣ መዝሙርና ጌም ትጭናለች። ተሳስመው ሲያበቁ ጸደንያ ጌሙን ማን እንደሠራው ሳታነሣ፣ ሰው በዚህ ሰሞን ምን እንደሚጫወት ጠየቀቻት።

አውቶቡሱን ነዋ፣ አለች ኡምኩልሱም። ገበያ የወጣው ሁሉ ጫኝልኝ ይላታል። ደሴ ገባሁ ያለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማችም። ይህን የተናገረችው በቅሬታ አልነበረም። ዝናብ ሲይዛቸው በረንዳዋ ላይ የሚጠለሉት ስልካቸውን አውጥተው ጉም ውስጥ ይነዳሉ። አንዱ ክላክስ ሲያደርግ ሌላው ከራሱ ስልክ ይመልስለታል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ መንገዳቸው ይመለሳሉ።

«ወላሂ፣ ሰው እንዲህ ሲረጋጋ አይቼ አላውቅም» አለች። «ከሁሉም የባሱት ደግሞ አባትሽ ናቸው።»

ጋሽ ቢተው ወገባቸው መሪ አላስይዝ ካላቸው ቆይቷል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ጸደንያ ስትደርስ ጋቢያቸውን ደርበው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ማዶ ያሉት ባሕር ዛፎች ግማሽ ድረስ ጉም ውጧቸዋል። ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙ፣ መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠየቁ፣ ሻይ አፈሉላት። ከዚያ ትንሽ እንደ ማፈር ብለው ስልካቸውን መልሰው አነሡ።

አጠገባቸው ሆና አየች። በነጩ ውስጥ ከመብራቱ ብጫ በቀር የሚታይ የለም። አልፎ አልፎ አንድ የመንገድ ዳር ድንጋይ ብቅ ይልና ቀስ ብሎ ያልፋል። ከኋላ ተሳፋሪዎቹ ተቀምጠዋል። አንዲት ሴት ታስላለች፣ ሞተሩ ያጉረመርማል። ጸደንያ ይህን ሁሉ ስትሠራ ከጥቂት መንገድ በላይ ነድታው አታውቅም ነበር። እስር ቤት የሠራ ሰው ውስጡ ገብቶ አያድርም።

አባባ፣ አይሰለችዎትም ወይ፣ የትም እኮ አይደርስም አለቻቸው።

ጋሽ ቢተው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ መለሱላት። «ሾፌር ሆኜ በኖርሁበት ዘመን እንደ ጉም የምፈራው ነገር አልነበረም። ገደሉ በዚህ በኩል አለ። ያ ሁሉ ነፍስ ከኋላዬ ነው። አንዱ መቼ ነው የምንደርሰው ይላል፣ አንዱ የሐኪም ቀጠሮ አለኝ ይላል። ጉሙን አንድ ቀን እንኳ ረጋ ብዬ አላየሁትም። እዚህ ግን ገደል የለም፣ የሚቸኩልም የለም።» አንድ መታጠፊያ አዙረው ጨመሩ። «እናትሽም ከኋላ ወንበር ያለች ይመስለኛል። ዞሬ አላይም።»

ጸደንያ ይህን ሰምታ መደበቅ አልቻለችም። ጌሙን የሠራችው እሷ እንደሆነች፣ ጉሙም ሳይከፍሉ ለሚጫወቱ ሰዎች ያወረደችው ቅጣት እንደሆነ ነገረቻቸው። ጋሽ ቢተው ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። በሥራ ዘመናቸው ቲኬት ያልቆረጠ ሰው አሳፍረው አያውቁም፣ ዘመድም ቢሆን።

«ታዲያ እኔ ሳልከፍል ተሳፍሬ ነው ስዞር የከረምሁት?» አሉ።

እንደዚያ አይደለም ብትላቸው አልሰሙም። ትክክለኛውን ጫኝልኝ አሉ፤ ጫነችላቸው።

በማግሥቱ ጋሽ ቢተው ትክክለኛውን ነዱ። ጉጉፍቱ ላይ ፀሐይ ነበር። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ይታያል፣ ገብሱ በነፋስ ይተኛል፣ መንገዱም ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል። ደሴ መናኸሪያ ገቡ። በሩ ተከፈተ፤ ተሳፋሪዎቹ ተራ በተራ፣ ዕቃቸውን ይዘው፣ ወጡ።

«ወረዱ» አሉ ጋሽ ቢተው።

ከዚያ በኋላ ስልኩ መስኮቱ ላይ ተቀመጠ። ሲደወል ያነሡታል እንጂ ሌላ አልነኩትም። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

ጸደንያ ኡምኩልሱም ዘንድ ሄዳ ሁሉንም አወራቻት። ትቆጣኛለች ብላ ነበር። ኡምኩልሱም ግን ሳቀች፤ ቀጥላም፣ ሰው ወድዶ የሚገለብጥ መሰለሽ ወይ አለቻት። ጌሙ የሚሸጠው በውጭ ባንክ ካርድ ነው። አዲስ አበባ ይኖር ይሆናል፤ እዚህ ግን ያ ካርድ ያለው ማን ነው?

«እንደ ሞባይል ካርድ ፍቀው የሚያስገቡት አድርጊና አምጪልኝ» አለች። «እዚሁ እሸጥልሻለሁ። ጉሙን ግን እንዳትነኪው፤ ሰው ያዝንብሻል።»

ጸደንያ አባቷ ቤት ተቀምጣ ጌሙን አስተካከለች። ጉጉፍቱ ላይ መገንጠያ አበጀች፤ በግራ ወደ ደሴ፣ በቀኝ ወደ ጉሙ። ለገዛም ላልገዛም ሁለቱም መንገድ ክፍት ሆነ፤ ጉሙ ቅጣት መሆኑ ቀረ። ከዚያ ወኪሏን በስልክ አግኝታ እውነቱን ነገረቻት፦ ቁልፉ እዚህ አልሠራም፣ ሰዎቹ ጉሙን ወደዱት። ኩባንያው የፈለገው ቁልፍ ነው፣ አሁን መፈራረም አይቻልም አለች ወኪሏ። ልትዘጋ ስትል ግን፣ ያንን ጉም ላኪልኝ አለቻት። በእውቀቱ ነገሩ ቆረቆረው፤ ያን ያህል ደክመንበት በአፍሽ አጠፋሽው ብሎ ለብዙ ጊዜ አኮረፋት።

መስቀል ካለፈ በኋላ ወኪሏ ጻፈች። ትልልቆቹ ጌሞች ገና ናቸው። አንድ ትንሽ ጌም ግን ያለ ምንም ቁልፍ ይልካሉ፤ እንደ ኡምኩልሱም ባለ ሱቅ በኩል ተሸጦ ይታይ ብለዋል። በእውቀቱ ይህን ሲሰማ ከኩርፊያው ተመለሰ።

ጸደንያ የሚፋቀውን ካርድ ይዛ ስትመጣ ጋሽ ቢተው ራሳቸው ኡምኩልሱም ሱቅ ድረስ ሄደው፣ ከፍለው፣ ደረሰኝ ጠይቀው ገዙ። በዚያው ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱን አስነሡ። መገንጠያው ላይ ሲደርሱ ፍጥነት ቀንሰው ወደ ቀኝ ታጠፉ፤ ጉሙም ወረደ። ጥቂት ነድተው ስልኩን ለልጃቸው ሰጧት።

«እስቲ አንቺ ያዥው፤ እኔ ትንሽ ልረፍ።»

ጸደንያ ያዘች። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ፤ ከላይ ይሁን ከስልኩ ውስጥ መለየት አቃታት። አባቷ ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ስበው ዓይናቸውን ከደኑ፣ ትንፋሻቸውም እንደ ተኛ ሰው ረጋ። እሷ ከዚህ በፊት ካየችው ድንጋይ አልፋ፣ ማንም ያላበጀው በሚመስል ነጭ ውስጥ፣ ቀስ ብላ መንዳቷን ቀጠለች።