በጠበል የራሰው ፊልም

ካሱ ከአዲስ አበባ የደወለው ኦይታ ናፍቆት አልነበረም።

«የዓለሚቱ ኦፕራሲዮን ከነገ ወዲያ ነው። የጭንቅላቷን ፊልም እማዬ ቤት ረስተነዋል፤ ይዘህ ና። ሐኪሙ ፊት ለፊቱ ሰቅሎ እያየ ነው ዕጢውን የሚያወጣው፤ ያለ እሱ አልከፍትም ብሏል። ይህች እንኳ አታቅትህም መቼም» አለና ዘጋው።

ኦይታ ዋጥ አደረጋት። የሚስቱ የዓለሚቱ ወንድም ስንቱን አስውጦታል። በመልሳቸው ቀን እንኳ ከመሥሪያ ቤት ለመጣ እንግዳ ብሎ ወንበሩን አስለቅቆት፣ ሙሽራው ቆሞ ነው የበላው። የጫሞ ሐይቅ ዓሣ አጥማጅ ምን ክብር ይቀርበታል?

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ሲቀላ ሰፈር አማቱ ቤት ደረሰ። እማማ ባዩሽ ፊልሞቹን ከሳፋ ውስጥ እያወጡ ነው።

«ምን እያደረጉ ነው እማማ?»

«ጠበል ነዋ ልጄ። እሷ መጠመቅ አልቻለች፤ ራሷ ያው እዚህ ላይ አለ አላላችሁም?»

አራቱን ደራርበው ወደ ፖስታው ሊከቱ ሲሉ እጃቸውን ያዘ። የሠርጉ ፎቶ አንድ ክረምት ረጥቦ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ሲያላቅቁት የእሱ ፊት ተልጦ ቀርቷል። ካሱ ያኔ «ዋናዋ ተርፋለች» ብሎ ስቆ ነበር።

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ይነፋል። ኦይታ ፊልሞቹን በጠርዛቸው፣ ሁለት ሁለቱን በየጣቶቹ መሃል ሰክቶ፣ እጆቹን ዘርግቶ ተሳፈረ።

«ወንድሜ፣ የልብስ ማስጫ ነህ እንዴ?» አለችው ከጫኖ ሙዝ የጫነች ነጋዴ። ተሳፋሪው ሳቀ።

«የሚስቴ ጭንቅላት ነው። ነገ ይከፈታል።»

ሴትየዋ ተነሳችና መስኮቱን ዘጋችለት። «አቧራ ይለጠፍበታል» አለች።

ሶዶ ሲደርሱ ፊልሞቹ የደረቁ መሰሉ። አላመናቸውም። ክንዱ ቢዝልም፣ ሰው ምሳ ሲበላ ቢቀርበትም፣ አዲስ አበባ እስኪገባ አልደራረባቸውም።

ጠዋት ሐኪሙ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሳቸው። «ዳርዳሩ ተዥጎርጉሯል። ዕጢው ግን ጥርት ብሎ ይታያል። እንገባለን።»

«ማነው ያረጠበው?» ካሱ ዞረበት። «አንተ ነህ አይደል?»

የእማማ ባዩሽ ስም ምላሱ ጫፍ ደረሰ። መለሰው። «መጥቶልሃል አይደል?» አለ።

የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ሲከፈት፣ አራቱ ፊልሞች መብራት ባለው ሳጥን ላይ ተሰቅለው፣ ሐኪሙም ቀና ብሎ ሲያያቸው ታየው። በሩ ተዘጋ።

ካሱ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለለት። «ና፣ ተቀመጥ።»

«መቆሙን አስለምደኸኛል» አለው ኦይታ። ዓለሚቱን ይዘው እስኪወጡ ድረስ ከበሩ ፈቀቅ አላለም።