የትዕግሥት ወረቀት

«እግዚአብሔር ትዕግሥቱን ይስጥሽ።»

አርሴማ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች «አሜን» አለች። ባሏን እንዳሻውን ከቀበሩ ወዲህ በሰው አገር፣ ጋሉስ በሚባል ሰፈር ያለችው ጠባብ ቤታቸው በለቀስተኛ ተሞልታለች፤ የገባው ሁሉ የሚመኝላት ይህንኑ ነው። ትዕግሥትማ ሞልቶ! እንዳሻው ከአገር እንዳይባረር የያዘውን ዱልዱንግ የተባለ ወረቀት በአማርኛ «የትዕግሥት ወረቀት» ይለው ነበር። «አገራቸው አላስገቡን፣ ከአገራቸው አላስወጡን፤ እንዲያው ታግሰውናል» እያለ ይስቃል። ሳቁ ሁልጊዜ በሳል ነበር የሚያልቀው።

ሶፋው ላይ ያሉት ወይዘሮ ሀረገወይን አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ሴት ዘንበል አሉ። በተማሪነት መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ሹክ ሲሉ ሰፈር ይሰማል።

«ደረቱ እንዲያ እየሆነ ከዚያ በረዶ ቤት ሥራው ንቅንቅ አለማለቱ! ገንዘብ ወዶ ነዋ።»

አርሴማ ሰማች። የመለሰላት በሩ አጠገብ የተቀመጠው ባለ ጋራዡ አብራር ነው።

«እትዬ፣ እኔ ጋ ግባ ብዬ ለምኜው ነበር። የመኪና ኤሌክትሪክ ሙያው ነው፤ ቤቱ ይሞቃል፣ ደሞዙም ይሻል ነበር። እንቢ ያለው እሱ አይደለም።»

እውነቱን ነው። ያኔ ባልና ሚስት ተያይዘው የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዱ። ሠራተኛዋ በትሕትና አስረዳቻቸው፤ እንዲሠራ የተፈቀደለት ኦስትሃፈን ባለው የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ብቻ ነው። ከዚያ ከለቀቀ ወረቀቱ ይሰረዛል፤ የእሱ ከተሰረዘ የአርሴማም ይሰረዛል። እንዳሻው አመስግኗት ወጣ። ትራሙ ውስጥ ሚስቱ ስታለቅስ «አይዞሽ፣ በረዶ ውስጥ ያለ ነገር አይበላሽም» አላትና አሳቃት። ያ ሳቅ አሁን ያንገበግባታል።

የሥራ ሰዓቷ ሲቃረብ አርሴማ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አሉ ወይዘሮ ሀረገወይን።

«ሥራ። ሺሽት አለኝ፣ ተረኛ ነኝ፣ እትዬ።»



«በባልሽ ሣልስት? ምነው ልጄ! ክራንክ ነኝ፣ አሞኛል በያቸው እንጂ!»

«ኡርላውቤ፣ የዓመት ፈቃዴ፣ እሱን ሳስታምም አለቀ። አለቃችን ሼፉ ለሐዘን የሚሰጠውን ቀን ሰጥቶኛል፤ እሱም አልቋል። ኮንትራቴ የሚታደሰው በዚህ ሳምንት ነው፤ ክራንክ ነኝ ብዬ ብቀር አያድሱልኝም። እኔም እንድሠራ የተፈቀደልኝ እዚያው ብቻ ነው... እሱ የነበረበት። ከዚያ ከወጣሁ ወረቀቴም አለቀ።» ወደ ወይዘሮዋ ዞረች። «ምን ላድርግ? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ወይዘሮ ሀረገወይን ለሰው ምክር አጥተው አያውቁም። አሁን ግን አብራርን አዩት፤ አብራር ወለሉን ያያል።

አርሴማ ነጠላዋን አወለቀች፤ ማሽኑ እንዳይስበው መጋዘን ውስጥ የተንዘረፈፈ ልብስ ክልክል ነው። የምታኖርበት ቢጠፋት ፍራሹ ላይ ተወችው። ጫማዋን ስታጠልቅ ደረጃው ላይ የአዲስ ለቀስተኞች ኮቴ ተሰማ። ሐዘንተኛዋን ፍለጋ እየመጡ ነው፤ ሐዘንተኛዋ ደግሞ ወጪ ናት።

ወይዘሮ ሀረገወይን ጉልበታቸውን ደግፈው ከሶፋው ተነሱ። ቀስ ብለው ፍራሹ ላይ፣ አርሴማ በነበረችበት ቦታ ተቀመጡ። ከዚያም ነጠላዋን አንስተው እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለበሱት።