ቅጽ አንድ

በቀይ እስክሪብቶ አሥራ አራተኛውን የዘፈን ርዕስ እያረመ ሳለ የሚስቱ ታላቅ ወንድም በትከሻው ላይ ጎንበስ ብሎ ከርዕሶቹ ጎን ባለው የራሱ ፎቶ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ጸጉሩ አንሶበታል። ያኔ ከዚህ ይበዛ ነበር ባይ ነው።

"ጋሼ፣ ፎቶ ጸጉር አይነቅልም።"

"አንተ ልጅ፣ ዝም ብለህ ፊደልህን ልቀም።"

"ልጁ" ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ጉልበቱን ያመዋል፤ ሁለት ልጆች ድሯል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የብር ቀለም ጃኬት ለብሶ ሲንተሳይዘር ጀርባ ቆሟል። የሙዚቃ ባንዱ ሦስት አባላት አሉት፦ ዘፋኙ ጋሼ፣ እሱ፣ እና አርፍዶ የማያውቀው የከበሮ ማሽን። ዛሬ ማተሚያ ቤቱ ጠባብ ክፍል ውስጥ የተጠጋጉት የሥራ ዘመናቸውን ምርጥ ዘፈኖች የያዘው አልበም ሽፋን ላይ ሊፈርሙ ነው። የእሱ ፊርማ ካላረፈበት አይታተምም።

ይህን አልበም ከጋሼ በላይ የጓጓለት እሱ ነበር። ምርጥ ዘፈን የሚሰበሰበው ሥራው ሲያበቃ ነው፤ ሰው ሻንጣውን የሚሸክፈው ሊሄድ ሲል ነውና። የልብስ ስፌት ማሽን የሚጠግን ጓደኛው ከጎኑ ቦታ ይዞለታል፤ ሙዚቃውን ትቶ ሰኞ ይጀምራል። ለሚስቱ ነግሯታል። ለጋሼ ግን አፉ አልደፈረም። አንዴ ሞክሮ ነበር፤ ጋሼ ወሬውን ሳያስጨርሰው አቅፎ "ያላንተ ማን አለኝ?" አለው፤ ስድስተኛው አልበም ተወለደ።

"ልቤ ባትሪ ጨረሰ" የሚለውን ርዕስ አለፈና ሽፋኑ ጋ ደረሰ። ከባንዱ ስም ሥር፣ በደቃቅ ፊደል፣ "ቅጽ አንድ" ይላል። የእስክሪብቶውን ጫፍ ከቃሉ ሥር አሳረፈ።

"ጋሼ፣ ይሄ አንድ ምንድን ነው?"

"ሁለት እንዲኖር ነዋ።"

ጋሼ እንዳብራራው ከሆነ ሠላሳ አንድ ዓመት በአሥራ ስድስት ዘፈን አይቋጭም። ሁለተኛው ቅጽ ላይ አዳዲስ ዘፈኖች ይገባሉ፤ ሦስተኛውን ፈጣሪ ያውቃል። ጃኬቶቹን እንኳ ለልብስ ሰፊ ሰጥቷቸዋል፤ የእሱ ጃኬት ወገቡ ላይ አራት ጣት ይለቀቅለታል። ምንም እንዳያስብ፣ ሁሉም ታስቦለታል። ይህን ብሎ ሳይጨርስ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ደወለችለትና ወደ ኮሪደሩ ወጣ። "ገና መጀመራችን ነው!" ሲል በበሩ በኩል ይሰማል።

ጥጉ ላይ ተቀምጣ ገጹን የምታቀናጀው የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ጋሽዬ፣ ከፈለጉ 'ቅጽ አንድ' የሚለውን እኔ ላጥፋው። ሲጠይቁኝ የማተሚያ ቤት ስህተት ነው እላለሁ። የሰው ስንቱን ተሸክመናል።"

እሺ ሊላት ምንም አልቀረው። ግን ጋሼን ያውቀዋል፤ በዓመቱ "ቅጽ ሁለት" ብሎ ቢያወጣ "አንዱ የት ገባ?" ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ጃኬቱ እንደሆን ከሰፊ ዘንድ ይመጣል።

"ተይው የኔ ልጅ። ይሄ በኮምፒውተር አይጠፋም።"

እስክሪብቶውን ከደነ። ሳይፈርም ተነስቶ በሩን ከፈተ። ጋሼ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ ቆይ ለማለት መዳፉን ዘረጋለት።

አልቆየም።

"ጋሼ፣ ስልኩን ዝጋውና ግባ" አለው። "ቁጭ ብለህ ነው የምትሰማኝ።"