የታችኛው ትልም

ሀብታሙ ብረት ገዢውን ለነገ ቀጥሮታል። እህቱ ሠርካለም የለመነችው አንዲት ጠዋት ብቻ ነበር፤ የአባታቸው ትራክተር የጎረቤታቸውን የአያ ማሩን ተዳፋት መሬት እስከ ታችኛው ጫፍ ካረሰ አይሸጥም፤ ካቃተው ተቆራርጦ ይጫን።

«እስከ ታችኛው ጫፍ!» አለ ሀብታሙ አጥሩን ተደግፎ። «ላይ ላዩንማ ፍየልም ያርሰዋል።»

የታችኛው ጫፍ ቦረቦር ነው። በእርሻው ጎን ወርዶ፣ ጥጉ ላይ ታጥፎ ከፊት ይመጣል። ያለፈው ክረምት ጎርፍ ከሥሩ ቦርቡሮት ላዩን ሰርዶ ስለሸፈነው፣ መሬቱ የት እንደሚያበቃ ከመቀመጫው ላይ አይታይም። ትራክተሩ ደግሞ አባቷ የአምራቾች ማኅበር ሲፈርስ የገዛው፣ በዕድሜ ሠርካለምን የሚበልጥ ነው። ፍሬኑ ሲፈልግ ይይዛል፣ ሲፈልግ ይተዋል። ስለዚህ አያ ማሩ ከፊት ከፊት እየሄዱ ሊመሯት ተስማሙ። አንድ በሬያቸው በሚያዝያ ሞቶባቸዋል፤ ሰኔም ገብቷል።

«አንቺ ልጅ፣ የዚህ ነገር ስሙ ማነው?» አሉ የሞተሩን ክዳን መታ መታ እያደረጉ።

«ስም የለውም፣ አያ ማሩ።»

«ስም የሌለው በሬ እንዴት ይታዘዛል? እኔስ ቡሬ እለዋለሁ።»

እስከ ረፋዱ የላይኛው መሬት ተገለበጠ። ከጉና በኩል ደመና እየወረደ ነበር። አንድ ትልም ሲቀር ሠርካለም ጥጉ ላይ ደረሰች፤ ማረሻውን አነሳችና መሪውን ወደ ዳገቱ ቆረጠች። ጎማው ገና መዞር ሲጀምር አያ ማሩ እጃቸውን አወናጨፉ።

«መልስ!»

ባሕር ዳር አይሱዙ ስትነዳ ረዳቷ በቀን መቶ ጊዜ የሚጮኸው ቃል ነው፤ የቆረጥሽውን መሪ መልሺ፣ ጎማውን አቅኚ ማለት ነው። ረዳቶች ለሴትም ለወንድም «መልስ» ነው የሚሉት። መለሰችው። የትራክተሩ አፍንጫ ቀጥ ብሎ ወደ ሰርዶው ሄደ።

«መልስ! ኧረ መልስ! ቡሬ!»

ያን ጊዜ ገባት። ሽማግሌው የሚያዙት እሷን አይደለም፤ በሬውን ነው። በሬ ከትልሙ ጫፍ ደርሶ «መልስ» ሲባል ዞሮ ይመለሳል።

ፍሬኑን ረገጠች። እግሯ እስከ ወለሉ ሰመጠ። የማረሻውን ማንሻ ለቀቀችው፤ ዲስኮቹ ወርደው መሬቱን ነከሱ። ትራክተሩ ተንገጫግጮ ቆመ፣ ሞተሩም ጠፋ። የግራው የፊት ጎማ አየር ላይ ቀረ። አፈሩ ከታች ሲናድ ሰማች።

«ውረጂ!» ሀብታሙ እየሮጠ መጣ። «ዝለዪ! ይሂድ ብረቱ!»

አልወረደችም። አያ ማሩ ወደ ትራክተሩ ኋላ ዞሩ፤ ደረቅ መሬት ሲገጥማቸው እርፉን እንደሚጫኑት ሁሉ፣ የማረሻው ብረት ላይ ወጥተው በሙሉ ክብደታቸው ቆሙ።

«አያ ማሩ፣ ይውረዱ!» አለች ሠርካለም።

«የሳትሁት እኔ ነኝ። አስነሺው።»

ሞተሩ በሦስተኛው ተነሳ። የኋላ ማርሽ አስገብታ ፍሪሲዮኑን በጥቂት በጥቂቱ ለቀቀች፤ ማረሻውንም አብራ አነሳች። የኋላ ጎማዎቹ ተሽከረከሩ፣ ጭቃ ረጩ፣ ከዚያ ያዙ። የፊቱ ጎማ መሬት ነካ።

«በቃ፣ ሠርኬ» አለ ሀብታሙ። ፊቱ አመድ መስሏል። «በዓይንሽ አየሽው።»

«አንድ ትልም ቀርቷል።»

«በቃ አልሁ!»

«ብረቱ ምን አደረገ?» አሉ አያ ማሩ። «በሬ ቢሆን ይሄኔ ቆዳውን እንገፍ ነበር።» ጭቃ መከላከያው ላይ ወጥተው ከጎኗ ተቀመጡ። «ከእንግዲህ ላንቺ ነው የምናገረው። ‹ዳገት› ስልሽ ወደ ዳገት ትዞሪያለሽ። ሌላ ቃል የለኝም።»

ሀብታሙ ሁለቱን በየተራ አያቸው። ከዚያ ወደ ጥጉ ሄደ። መሬቱን በተረከዙ እየመታ ፈተሸ፤ ከሰርዶው ሦስት እርምጃ ላይ እጆቹን ዘርግቶ ቆመ።

«ከእኔ እንዳታልፊ» አላት።

ሠርካለም ማረሻውን አወረደችና ትራክተሩን ወደ ወንድሟ ነዳች።