ኪቦርድ ሁሉ አንድ ነው

አማል ትንሿን ጣቷን ኮንትሮል የሚለው ቁልፍ ላይ አሳርፋ፣ በሌላው ጣቷ የፊደሎቹን የላይኛ ረድፍ የግራ ጥግ ስትጫን፣ ስክሪኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ በሙሉ ሰማያዊ ለበሰ። መሰማት የነበረበት "ተመዝግቧል" የሚለው ድምፅ አልተሰማም። አንድ ፊደል ነካች። የጻፈችው ሁሉ ድራሹ ጠፋና ያቺ አንዲት ፊደል ባዶው ሳጥን ውስጥ ብቻዋን ቀረች።

"አየሽው?" አለ ከኋላዋ ቆሞ ይመለከት የነበረው የቢሮው ኃላፊ ሰላሃዲን። "የዚያን ቀን ጥሪ ሁሉ እንዲህ ነው ያጠፋው።"

"ኸድር አይደለም ያጠፋው፣ ኡስታዝ። ይኼ ኪቦርድ የፈረንሳዮች ነው።"

"ቢሆንስ? ኪቦርድ ሁሉ አንድ ነው።"

አማል ዓይኗን ከቁልፎቹ አላነሣችም። ኪው መሆን በሚገባው ቁልፍ ላይ ኤ ተጽፎበት እያየች ነው። ለሚያይ ሰው ይኼ ምንም አይደለም፤ ጎንበስ ብሎ ፊደሉን ይፈልግና ይጫናል። ወንድሟ ኸድር ግን አያይም።

ኸድር ከፋሽጋ ሰሊጥ ጭኖ ካርቱም የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ጦርነቱ የፈነዳ ጊዜ ካርቱም ነበር ያደረው። ያረፈበት ቤት መስኮት በፍንዳታ ረግፎ መስታወቱ ፊቱ ላይ ተበተነና የሁለቱንም ዓይኖቹን ብርሃን ወሰደበት። እዚያው ከተማ ኮምፒውተር ትማር የነበረችው አማል ትምህርቷን ጥላ፣ እጁን ይዛ፣ አንዴ በሚኒባስ አንዴ በጭነት መኪና ገዳሪፍ አባታቸው ቤት አደረሰችው። ከዚያ ወዲያ ኸድር ግድግዳ ተደግፎ መዋል ሆነ ሥራው። ሲሰጡት ይበላል፣ ሲጠይቁት ይመልሳል፣ ሌላ ቃል አይወጣውም። ከተቀመጠበት ያስነሳችው እሷ ናት። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጽሑፍን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ጫነችና ጣቶቹን በጣቶቿ ይዛ ቁልፍ በቁልፍ አስተማረችው። "ይኼ ማርሽ ነው፤ ይኼ ደግሞ ፍሬን" እያለ ለመደው። የመጀመሪያውን ቀልድ የሰሙ ዕለት እናታቸው ጓዳ ገብተው አለቀሱ።

በጦርነቱ የተበታተኑ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግ ትንሽ ማኅበር ገዳሪፍ ላይ የስልክ ቢሮ ሲከፍት፣ አረብኛውንም አማርኛውንም ትግርኛውንም እኩል የሚናገር ሰው ፈለገ። ኸድርን ሦስቱንም ቋንቋ የሹፌርነቱ መንገድ አስተምሮታል። ተቀጠረ። ጥሪዎቹ የሚጻፉበትን ገጽ እንድትሠራ ደግሞ አማል ተጠራች። ማውዝ የማይነካ ሰው ሁሉን ነገር በአቋራጭ ቁልፍ እንዲጨርስ አድርጋ ሠራችው።

ቁልፍ መምረጥ ቀላል መስሏት ነበር። ኋላ ስታየው ግን ኢንተርኔቱ የሚከፈትበት ብራውዘር ደህና ደህናውን ሁሉ ቀድሞ ወስዶታል። ኮንትሮልና ደብሊው ገጹን ይዘጋል፤ ኮንትሮልና ቲ ሌላ ገጽ ይከፍታል። ለኪው ባለቤት አላገኘችለትም። ጥግ ላይ ስለሆነ ጣት ሳይፈልግ ያገኘዋል፤ በዚያ ላይ ኸድር በአረብኛ ሲጽፍም ኮምፒውተሩ ያንን ቁልፍ ከሥር ኪው ብሎ ነው የሚያውቀው። እሱን መረጠች። ኸድርም አንድ ጥሪ በጨረሰ ቁጥር ኮንትሮልና ጥጉን ይጫናል፣ "ተመዝግቧል" ይባላል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሲሠራ ላየው ሰው ዓይን ያለው ይመስል ነበር።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ለማኅበሩ ያገለገሉ ላፕቶፖች በእርዳታ መጡ። ሰላሃዲን ማንንም ሳያማክር የኸድርን አሮጌ አንሥቶ በአዲሱ ተካው። ኸድር ገና ሲዳስሰው ጠርጥሮ፣ "ኡስታዝ፣ ይኼ ነገር ከፊተኛው ይለያል እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። መልሱ ያው ነበር፦ ኪቦርድ ሁሉ አንድ ነው፣ ሥራህን ሥራ። የአረብኛ ፊደሎቹም በቦታ በቦታቸው ስላገኛቸው አመነ። ከአረብኛው ሥር ያለው የላቲን ፊደል ግን የፈረንሳይ ነበር፤ ጥጉ ላይ ያለው ኤ ነው፤ ኮንትሮልና ኤ ደግሞ በየትኛውም ብራውዘር ያለውን ጽሑፍ ሁሉ መምረጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚነካ አንድ ፊደል የተመረጠውን ጠራርጎ ይወስዳል። "ተመዝግቧል" የሚለውን ስላልሰማ ኸድር አሁንም ጠይቆ ነበር። ሰላሃዲን በትከሻው በኩል አየት አድርጎ፣ "ጽሑፍህ ይኸው አለ፣ እያየሁት ነው፤ ቀጥል" አለው። ቀጠለ።

ከጠፉት ጥሪዎች አንዱ የትብለጽ ነበር። ትብለጽ ከባሱንዳ በሰው ስልክ ደውላ፣ ፅገ የምትባል ትንሽ ልጇ መንገድ ላይ እንደጠፋችባት፣ እሷም ወፍጮ ቤት አጠገብ ተጠግታ እንደምትጠብቅ ተናገረች። በማግሥቱ አንዲት ልጅ ከማኅበሩ መጠለያ ደረሰች። ስሟን ሲጠይቋት "ፅገ" አለች። ኮምፒውተሩ ውስጥ ቢፈለግ የለም። ወሬው ኸድር ጆሮ የደረሰው ከዕረፍት ቀኑ ሲመለስ ነው፤ እንደሰማ ሁሉን በቃሉ ነገራቸው፤ መኪናም ተላከ። የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ግን፣ ሴትዮዋ ጠብቃ ጠብቃ ተስፋ ስትቆርጥ ኒው ሀልፋ በሚሄድ መኪና ተሳፈረች አሉ። የደወለችበት ስልክ የመንገደኛ ነበርና ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ኸድርም በዚያው ዕለት ከሥራ ተሰናበተ።

"እንግዲህ ምክንያቱ ታወቀ" አለች አማል፣ ወንበሯን ወደ ሰላሃዲን አዙራ። "የእኔም ጥፋት አለበት፤ ገጹ የቁልፉን ስም ሳይሆን ቦታውን እንዲያውቅ ማድረግ ነበረብኝ። ማሽኑን ሳይነግሩት የቀየሩት ደግሞ እርስዎ ነዎት። እሱ የተባለውን ነው የሠራው። ይመለስ።"

ሰላሃዲን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንቅልፍ ያጣ ፊት ነበረው።

"ስሚኝ አማል። ረጂዎቹ ጠየቁኝ። ዓይነ ስውር ሰው ስልክ ላይ ማን አስቀመጠ አሉኝ። ምን ልበላቸው? ኪውና ኤ ቦታ ተለዋወጡ ልበላቸው?"

"አዎ፣ እሱኑ ይበሏቸው።"

"ማን ይሰማኛል? ዓይነ ስውር የምትለዋን ቃል ከሰሙ በኋላ ሌላውን አይሰሙም።" እጆቹን አራገፈ። "ኻላስ፤ ያለቀ ነገር ነው። አንቺ ገጹን አስተካክዪልኝ።"

ጥላው ልትሄድ አሰበች። ቦርሳዋንም አንሥታ ነበር። በመስኮቱ ግን ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር የተቀመጠችው ፅገ ታየቻት፤ የጠርሙስ ክዳን በአፈር እየሞላች ትደፋለች። ገጹ እንዲሁ ቢቀር ነገ ደግሞ የሌላ እናት ቃል ይጠፋል፤ ሰላሃዲን ምንም አይጎድልበት። አማል ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች።

ቀኑን ሙሉ የትኛውም አገር ከቦታው ያላነቃነቀውን ቁልፍ ፈለገች። ከላይ የተደረደሩትን ኤፍ የሚባሉትን ሞከረች፤ አንዱ ገጹን እንደገና ይከፍታል፣ አንዱ እርዳታ ይጠራል፣ በአዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ድምፅ ይቀንሳሉ። አልት የሚለውን ቁልፍ ከፊደል ጋር ሞከረች፤ አንደኛው ብራውዘር ላይ ሲሠራ ሌላኛው ላይ ዝርዝር ይዘረግፋል። በመጨረሻ ኮንትሮልና ኢንተርን ያዘች። ኢንተር በአረብኛም በፈረንሳይም በእንግሊዝም ኪቦርድ ያው ቀኝ ዳር ነው፤ ብራውዘሮቹም በዚያ ገጽ ላይ አልተሻሟትም። ቢሮው ውስጥ ባሉት ማሽኖች ሁሉ እየዞረች፣ ዓይኗን ጨፍና እየተጫነች ሞከረችው። በሁሉም ላይ "ተመዝግቧል" አለ።

ሰላሃዲን ሲያይ ደስ አለው። "ቀድሞውንም እንዲህ አድርገሽ ብትሠሪው ምን ነበረበት?" አለ።

አማል ላፕቶፑን ከደነች።

"ከእሁድ ጀምሮ አንቺ ተቀመጪበት" ብሎ ቀጠለ። "ቁልፎቹን ታውቂያቸዋለሽ፣ ቋንቋውም አለሽ። ደሞዙም ከቤታችሁ አልወጣ። ስለ ኸድር ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ በፈቃዱ ለቀቀ በይ። ለእሱም ክብሩ ነው።"

ቤት ስትደርስ አባቷ ጀማሉ ከኸድር ጋር ግቢው ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ጀማሉ የድንበር ከተማዋ ገላባት ላይ የጨርቅ መሸጫ ዱካን ነበራቸው፤ የድንበሩ ነገር ከተበላሸ ወዲህ ቆልፈውት ከቤት ውለዋል።

"ኪቦርዱ ነው" አለችው ወንድሟን ከአጠገቡ ተቀምጣ። "የፈረንሳይ ነው። አንተ በትክክል ነው የተጫንከው።"

"አውቃለሁ" አለ ኸድር። "ነገርሽው?"

"ነገርኩት።"

"እሺ፣ ምን አለ?"

መሬት መሬት እያየች ቆየች፤ እንደማያያት ትዝ ሲላት አፈረች። "ወንበሩን ለእኔ ሰጠኝ።"

ጀማሉ ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ከኸድር በፊት የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

"ያዢው ልጄ። አንቺ ብትተይው ለሌላ ይሰጡታል እንጂ ለእሱ አይመልሱትም።"

"በወንድሜ ወንበር ላይ፣ አባ?"

"የሚያኮራ ነገር ነው አላልኩሽም።"

ኸድር ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደረቅ ነበር። "አባ ልክ ናቸው" አለ። "እኔን የሚቆጨኝ ወንበሩ አይደለም። መንገድ ስንሄድ ሰው ከንፈሩን ሲመጥልኝ እሰማለሁ። ስልኩ ላይ ግን ማንም ከንፈር መጦልኝ አያውቅም። እንዲያውም ይቆጡኛል፤ 'ቶሎ በል እንጂ!' ይሉኛል። እሱ ነበር ደስ የሚለኝ።" ፊቱን ወደ እሷ መልሶ፣ "ቁልፉን በምን ቀየርሽው?" አላት።

"በኮንትሮልና ኢንተር።"

የቀኝ እጁ ትንሽ ጣት ጭኑ ላይ ወደ ዳር ሄደችና ተጫነች። "ጥሩ መርጠሻል። ትልቅ ቁልፍ ነው። ማንም ያገኘዋል" አለ፤ ከዚያም ደከመኝ ብሎ ግድግዳውን እየዳሰሰ ወደ ቤት ገባ። አማል ልትደግፈው ብትነሣ፣ በእጁ ከለከላት።

እሁድ ጠዋት የማኅበሩን በር አልፋ ስትገባ ፅገ ሮጣ መጣች።

"እናቴ ደወለች?"

"ገና ነች፣ የኔ እናት።"

ልጅቷ ያንን ጥያቄ ለሚገባ ሰው ሁሉ ነው የምትጠይቀው፤ መልሱንም ሰምታ ሳትጨርስ ወደ ዛፏ ተመለሰች።

አማል ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የጆሮ ማዳመጫው በኸድር ራስ ልክ ሰፍቶ ስለነበር አጠበበችው። ሰላሃዲን ፊት ለፊቷ ካለው ጠረጴዛ ሻዩን እየጠጣ ነው። ስልኩ ጠራ።

"ጤና ይስጥልኝ" አለ የሽማግሌ ድምፅ። "ገሠሠ ነኝ፣ ከዶካ። ልጄን የምፈልገው። ያ ድምፁ ወፈር ያለው ልጅ የለም እንዴ? ሁልጊዜ የሚያናግረኝ እሱ ነው።"

"ኸድርን ነው፣ የኔ አባት?"

"እህ፣ ኸድርን። ምነው፣ ታመመ?"

አማል ቀና ስትል ከሰላሃዲን ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የተጠየቀችው ምን እንደሆነ ገብቶታል፤ ብርጭቆውን እንደያዘ በጭንቅላቱ "ያልኩሽን በይው" አላት።

"አልታመመም" አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። "አባረሩት።"

የሰላሃዲን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ተሰማት። ወደዚያ አልዞረችም።

"ምን አጥፍቶ?" አሉ ሽማግሌው።

"ምንም አላጠፋም።"

"አንቺስ ማን ነሽ ታዲያ?" አሉ ቀስ ብለው።

"እህቱ ነኝ። በእሱ ቦታ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።" ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አስቀመጠች። "ይበሉ፣ የልጅዎን ነገር ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩኝ።"