ያልተቀመሰው ወጥ

ቦጋለች ዶሮ ወጥ ስትሠራ ዘመኗን ፈጅታለች፤ አጥንቱን አውጥታ ስትሠራ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ብልት በብልት የሚወጣን ዶሮ ሥጋውን ብቻ ገፍፎ መጣድ ዶሮውን ማዋረድ መሰላት።

«አጥንትና ውሃ በኪሎ ይከፈልበታል እኮ፣ እትዬ» አላት ይሁኔ፣ አርብ ገበያ ላይ ፍሪዘር ያለው ባለሱቅ። «ወጡን ወፈር ያድርጉት። በላስቲክ ጠፍጥፌ እንደ ጡብ በረዶ አደርገዋለሁ። የብዙ ቤት ወጥ በአንድ ካርቶን ከገባ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ዱባይ እስኪደርስም አይቀልጥም።»

አነጋገሩ ባያምራትም ልክ ነበር።

ልጇ የኔነሽ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። በደወለች ቁጥር «እማዬ፣ ብቻሽን ከሆንሽ ጥዬ እመጣለሁ» ትላለች። ቦጋለችም «ምን ብቻዬን! የአክስትሽ ልጅ ቅድስት አለችልኝ አይደል?» ብላ ትዋሻለች። ቅድስት ግን ለትምህርት ደብረ ታቦር አባቷ ዘንድ ከሄደች ከርማለች። የኔነሽ ኮንትራቷን ሳትጨርስ ብትመጣ ድካሟ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል ብላ ነው የምትዋሸው፤ ውሸቱ ግን ቤቱን አልሞላላትም።

ከሆሳዕና በፊት ወጡን ጣደች። ጾመኛ ናትና አትቀምስም። ድሮ የፋሲካውን ወጥ ትንሿ የኔነሽ መዳፏን ዘርግታ ትቀምስላት ነበር፤ በኋላም ቅድስት። ዛሬ ጭልፋውን ይዛ ዞር ብትል ማንም የለም። የጎረቤት ልጆችም ሜዳ ውለዋል። ጨው ጨመረች፤ ከራሷ ጋር ስታወራ ቆይታ መጨመሯን ተጠራጠረችና ደግማ ጨመረች።

ወጡ ሳይቀልጥ ደረሰ። የፋሲካ ዕለት ስልኩ ጮኸ።

«በረዶ እንደሆነ ደረሰሽ?»

«ድንጋይ ነበር፣ እማዬ! አሙቄው እየበላሁ ነው።»

«ጣፈጠሽ?»

የኔነሽ ሳቀች። «ጨው ደግመሽበታል።» ወዲያው ሳቋ ተቆረጠ። «ቅድስትን አላስቀመስሻትም?»

ቦጋለች «አስቀምሻት ነበር» ልትል አፏን ከፈተች። በትንሣኤ ቀን መዋሸቱን ግን ፈራች።

«መቼ ነው የሄደችው?» አለች የኔነሽ።

«ድፊው ልጄ፣ ጨው ያምሻል፣ አትብዪው።»

«እበላዋለሁ።» የኔነሽ እያለቀሰች እንደምትጎርስ ያስታውቃል። «አንቺስ በምን ገደፍሽ?»

ሰው ሁሉ በሌሊት ነው የገደፈው። ቦጋለች ለአንድ ለራሷ ዶሮ ማረዱ፣ ለብቻ ማዕድ መቅረቡም አስጠልቷት ተቀምጣ ውላለች፤ ፀሐይም ልትጠልቅ ነው።

«እኔ እንኳ» አለች፣ «ገና አልገደፍኩም።»